ውሃ የማይነካው ባሕር

ጥቅምት 4 ቀን

ለእኅቴ ልጅ፣

ይህ ወረቀት ጤናሽ ተሟልቶ፣ ሥራሽ ቀንቶሽ ያግኝሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ።

ከእናትሽ ቀብር በኋላ በስልክ የተነጋገርነውን አልረሳሁም። ድምፅ ከፍ ሲል ነገር ይበላሻል። ስለዚህ ከእንግዲህ ስልክሽን እንደማላነሳና በጽሑፍ ብቻ እንደምንገናኝ አሳውቅሻለሁ። የተጻፈ ነገር አይጮህም፤ አይካድምም።

ጉዳዩ ይህ ነው። ቀድሞ የመራሁት የትምህርት ክፍል የኤግዚቢሽን አዳራሹን አድሶ ጥር 20 ቀን ሊከፍት ነው። ከሚታዩት ሁሉ ዋናው፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ያዘጋጀሁት የጥንታዊው ባሕር ሳጥን ነው። ታስታውሽው ይሆናል፦ ሁለት ሜትር ከዐሥር ርዝመት፣ ፊቱ መስታወት፣ በውስጡ ዐሥራ አራት የእንስሳት ሞዴሎች፣ በዙሪያቸው አለትና ቅርንጫፍ የመሰለ ኮራል። እናትሽ ዳር ዳሩን በማስዋብ አግዛኝ ነበር። ሳጥኑ ይጸዳል፤ የነሐስ ሰሌዳም ይደረግለታል።

ከሞዴሎቹ መካከል ጋሻ ለበሱ ዓሣ ጅራቱ ተሰብሯል። ጀርባቸው የተሸነሸነው እነዚያ ትናንሽ ፍጥረታት፣ ትሪሎባይቶቹ፣ ሁለቱ ጠፍተዋል። አንቺ እዚያ ከአሻንጉሊት ጋር ስለምትውዪ ምትካቸውን ማግኘት አይከብድሽም። የዓሣው መጠን ከእውነተኛው አንድ ሃያኛ ይሁን። ፈገግ የሚል ዓሣ እንዳትልኪ።

የሥራሽንም ፎቶግራፍ አየሁት። አንገተ ረጅሙን የባሕር ተሳቢ ከትሪሎባይት ጎን አስቀምጠሽዋል። በሁለቱ መካከል ቢያንስ ዐርባ ሚሊዮን ዓመት አለ። ለመጫወቻ ሱቅ ይበቃ ይሆናል፤ ለአጎትሽ ዐይን ግን አይበቃም።

ፈጣሪ ማስተዋሉን ያብዛልሽ።

አጎትሽ


ጥቅምት 23 ቀን

ለክቡር አጎቴ፣

ከጉልበትዎ በቀር ደኅና መሆንዎን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። ጉልበትዎንም ይማርልኝ።

ሦስቱን ሞዴሎች ልኬያለሁ። አንዳቸውም ፈገግ አይልም።

የምውለው ከአሻንጉሊት ጋር ነው ብለዋል። ሥራዬ ለደንበኞች የሞዴል ማሳያ ሳጥን እየሠራሁ አሻንጉሊቱ አሻንጉሊት መሆኑ እንዲረሳ ማድረግ ነው። ደንበኛው ዓሣውን በካርቶን ይዞ ይመጣል፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ፕላስቲክ ነው። ከሥሩ በስቶኪንግ የተነፋ አሸዋ ሲነጠፍ፣ ከኋላው ያለው አለት እያነሰና እየደበዘዘ ሲሄድ፣ ብርሃን ከአንድ ወገን ብቻ ሲገባ፣ ያኔ ይዋኛል። አሸዋው በጥቂቱ እንኳ ከሻከረ ተመልሶ ፕላስቲክ ይሆናል። ይህንን የተማርኩት ከትምህርት ክፍልዎ ሳይሆን ከእማዬ ነው።

ስለ ፎቶግራፉ፦ በሁለቱ እንስሳት መካከል ግድግዳ አለ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሳጥኖች ናቸው። ግድግዳው አራት ሚሊሜትር ስለሆነ ለዐርባ ሚሊዮን ዓመት ያንሳል ቢሉኝ እቀበላለሁ። ፈጽሞ ካላዩት ግን መነጽርዎን ቢያስመረምሩ መልካም ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሳጥኑን በውሃ እንዳያጸዱት። እርጥብ ጨርቅ፣ እርጥብ እጅ፣ መስታወቱን ከፍቶ በአፍ እፍ ማለትም ቢሆን ክልክል ነው። በውስጡ ያለው አምፖል ሌሊትም ቀንም አይጥፋ። ሁለተኛ፣ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ምንድን ነው? «አግዛኝ ነበር» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እማዬ ሰባት ወር ሠርታለች። ሌላ የምጠይቅዎ ነገር የለም፤ ስሟ ይጻፍ።

ቤትዎ ሰላም ይዋል።

የእኅትዎ ልጅ


ኅዳር 19 ቀን

ለእኅቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። መልሴ የዘገየው ሞዴሎቹን በጥንቃቄ መመርመር ስለነበረብኝ ነው። ዓሣው ያልፋል። የትሪሎባይቶቹ ቀለም ግን ሊበሉ የተዘጋጁ ያስመስላቸዋል። ምስጋናዬ ከዚህ አስተያየት ጋር ይድረስሽ።

ባሕር ውሃ ይፈራል ብለሽ ስትጽፊ ማንም አንብቦ እንዳላረመሽ ገባኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ብዙ ዓይነት የፈተና ወረቀት አርሜያለሁ፤ ይህን የመሰለ ግን አልገጠመኝም። ምክንያቱን ብትጽፊ ኖሮ ልመዝነው እችል ነበር። ያለ ምክንያት የሚሰጥ ትእዛዝ ከአንቺ ወደ እኔ ሳይሆን ከእኔ ወደ አንቺ ነው የሚመጣው።

ስለ ሰሌዳው መጨነቅሽ አላስፈላጊ ነው። የሳጥኑ ፍሬ ነገር እንስሳቱ ናቸው። እነርሱን የመረጥኩ፣ ያዘዝኩ፣ በዘመናቸው የመደብኩ እኔ ነኝ። የቀረው ጌጥ ነው። መጽሐፍ ለጻፈና መጽሐፉን ለጠረዘ ሰው እኩል ስም አይሰጥም።

ያም ሆኖ ስሜትሽን ለመጠበቅ ያህል አንድ ነገር ልጠቁምሽ። ሰሌዳው ላይ የሚሰፍረው የእኔ ስም ከነአባቴ ነው። አባቴ የእናትሽም አባት ነው። እንግዲህ ከሁለቱ ቃላት አንዱ ቀድሞውኑ የእርሷም ነው። ረጋ ብለሽ ካሰብሽው የሰሌዳው እኩሌታ የእናትሽ ነው።

ጤና ይስጥሽ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 1 ቀን

ለክቡር አጎቴ፣

ዕድሜና ጤና እመኝልዎታለሁ።

የሰሌዳውን እኩሌታ ስለ ሰጡን አመሰግናለሁ። እንግዲያው የመጀመሪያው ቃል ይፋቅና የአያቴ ስም ብቻውን ይቅር። እርሳቸው ባሕር የሚባል ነገር በዐይናቸው ሳያዩ ነው የሞቱት፤ ቢሆንም ከእርስዎ ያላነሰ ሠርተውበታል።

ያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። በመኝታ ክፍላችን መስኮት ሥር ዐርባ ብርጭቆ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ አፍ ላይ እርሳስ ተጋድሟል፤ ከእርሳሱ ላይ ክር ወደ ብርጭቆው ይወርዳል። መስኮት መክፈት፣ በር መወርወር፣ ወለሉን ረገጥ አድርጎ መሄድ ክልክል ነው። አንድ ቀን በማስነጠሴ አንዱ ክር ተወዛወዘ፤ እማዬ ራሷን ይዛ «አንቺ ልጅ! ሦስት ሳምንቴን በአንድ ማስነጠስ ጨረስሽው!» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለማስነጠስ ጓሮ እወጣ ነበር።

እርስዎ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ኮትዎን ሳያወልቁ በሩ ላይ ይቆማሉ።

«አለቀ?»

«አላለቀም፣ ጋሼ።»

«ይህ ሁሉ ብርጭቆ ምንድን ነው?»

«ባሕር ነዋ!»

«ቀልዱን ተዪና አፍጥኚው። ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

ስለ ብርጭቆዎቹ ሁለተኛ አልጠየቁም። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበርና እመሰክራለሁ። በምርቃቱ ዕለትም ቆሜ ነበር፦ እርስዎ ከመስታወቱ ፊት ንግግር ሲያደርጉ እማዬ ከኋላ፣ ከአዳራሹ ቁልፍ ያዥ ጋር ሆና ስለ አምፖሉ አደራ ትሰጥ ነበር።

ኮራሉ ከምን እንደተሠራ ዛሬ በሕይወት ካለ ሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰሌዳው ላይ የእናቴ ስም ሲሰፍር አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን ማብራሪያ በእጄ ጽፌ እልካለሁ። እስከዚያው ድረስ ውሃ አያስጠጉት።

አክባሪዎ፣

የእኅትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 11 ቀን

ለእኅቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽ ደብዳቤ ሳይሆን የንግድ ውል ነው። አንድ ገጽ ተኩል እውቀት ይዘሽ ትልቅ ሰው ፊት የምትንጎማለዪበት ዐይን አውጣነት ከየት እንደመጣ ባላውቅም፣ ከእኛ ቤት አለመሆኑን አውቃለሁ። እናትሽ ስምንተኛ ክፍል ላይ ብታቋርጥም ምራቋን የዋጠች ሴት ነበረች። በሕይወት ሳለች ስለ ሰሌዳ አንድ ቃል ተናግራኝ አታውቅም።

ምስጢርሽንም ያለ አንቺ ርዳታ ደርሼበታለሁ። ጀሶ ነው። ላረጋግጥም በሥርዓቱ ሙከራ አድርጌያለሁ። ከሳጥኑ የኋላ ጥግ፣ ከአለቱ ሥር፣ ሁለት ሴንቲሜትር በሁለት ሴንቲሜትር የሆነ ቦታ መረጥኩ። በተጣራ ውሃ አርጥቤ ሃያ አራት ሰዓት ጠበቅሁ። የቀለም ለውጥ የለም፤ የቅርጽ ለውጥ የለም። ጀሶ መሆኑን በጥፍሬም አረጋግጫለሁ። ሳይንስ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ በአደራና በማስነጠስ አይሠራም።

ስለዚህ በመጪው ማክሰኞ ሳጥኑን ራሴ አጸዳለሁ። ፀጉር ቤቶች የሚጠቀሙበትን ዓይነት የውሃ መርጫ ገዝቻለሁ፤ ጠብታው ደቃቅ ነው። አምፖሉም ሙቀቱ ቀለም ስለሚጎዳ ከትናንት ጀምሮ እንዲጠፋ አዝዣለሁ። ቁልፍ ያዥዋ፣ ተማሪዎች ቁልፌ የሚሏት ያቺ ሴት፣ ታግላኛለች።

«ኧረ ዶክተር፣ እትዬ አደራ ብለውኛል። አምፖሉ ከጠፋ ባሕሩ ይታመማል ብለውኛል።»

«ባሕር አይታመምም» አልኳት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሳበራ ግን አንድ ቀን አልታመመም።»

ከዚህ ዓይነት ሰው ጋር መከራከር ለእኔ አይመጥንም።

የሰሌዳው ጽሑፍ ለቀራጩ ተሰጥቷል። እንደነገርኩሽ ነው።

ልብ ይስጥሽ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 20 ቀን

አጎቴ፣

ሰላምታው ይቆየን። ኮራሉ ጨው ነው።

ጀሶው የኋላው አለት ብቻ ነው። እርስዎ የሞከሩት እሱን ነው። ከፊት ያለው፣ ሰው የሚያየው፣ ቅርንጫፉ ሁሉ ጨው ነው። እማዬ የፈላ ውሃ ጨው አልቀበልም እስኪል ድረስ ታሟሟበት ነበር፤ ከዚያ ክሩን አንጠልጥላ ሳምንታት ትጠብቃለች፤ ጨው በክሩ ላይ ፍሬ በፍሬ ይበቅላል። ጫፍ ጫፉን በቀጭን ብሩሽ ሮዝ ቀለም ታስነካዋለች። ቫርኒሽ አልቀባችውም፤ ቫርኒሽ ብልጭታውን ይገድለዋል። አምፖሉ አየሩን የሚያደርቅ ነው።

ዛሬ ሰባት ጊዜ ደወልኩ። አያነሱም። የተጻፈ ነገር አይጮህም ብለው ነበር፤ እንዲጮህልኝ ስንት የቃለ አጋኖ ምልክት ልጨምርበት?

አንዲት ቃል ነበረች። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ልጽፋት እችል ነበር። መያዣ ላደርጋት ብዬ አፈንኳት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ከእርስዎ ጋር አልካፈለውም።

ማክሰኞ አልፏል። ጉልበትዎ አሞዎት ቀርተው እንደሆነ ብዬ ነው የምጽፈው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበትዎ እንዲያምዎት ጸለይኩ።

የእኅትዎ ልጅ


ጥር 6 ቀን

ለእኅቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከሥራው በኋላ ነው። የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት መስታወቱን ከፈትኩ። በመጀመሪያው ርጭት አቧራው ታጥቦ ቀለሙ ደመቀ፤ ይህንንም እንደ በጎ ምልክት በማስታወሻዬ መዘገብኩ። በሦስተኛው ላይ ቅርንጫፎቹ ጫፋቸውን ጣሉ። በአምስተኛው ላይ ከመሐል ያለው ትልቁ ኮራል ወደ ዓሣው ዘንበል ብሎ ተኛ። አምስተኛውን ለምን እንደረጨሁ ለማስረዳት ሞክሬ አልተሳካልኝም። ሮዝ ውሃ በአሸዋው ላይ ወረደ። ቁልፌ ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ ሄዳ አምፖሉን አበራችው።

በሁለተኛው ቀን ሲደርቅ ጨው ሁሉንም አለበሰው። ዐሥራ አራቱም እንስሳት ነጭ ሆኑ። የአዳራሹ ዕድሳት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረ ሰው ነው፣ መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ደቅኖ አየና «ዶክተር፣ በጥንቱ ባሕር በረዶ ይጥል ነበር እንዴ?» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። ቀጥሎ «ግድ የለም፣ እርስዎ ነዎት የሠሩት፣ እርስዎ ይመልሱታል። ከምን ነበር የሠሩት?» ሲል ጠየቀኝ። በዚህ ጊዜ የሥራ ክፍፍሉን ለኮሚቴው ግልጽ ማድረግ ተገቢ ሆኖ አገኘሁት።

በመሆኑም ደስ የሚያሰኝሽ ዜና አለኝ። ሰሌዳው እንደገና ተቀርጿል። የእኔ ስም ወጥቷል። የእናትሽ ስም ብቻ፣ ከነአባቷ፣ በነሐስ፣ በአራት ብሎን። ስትጠይቂ የነበረውን ሙሉ በሙሉ አግኝተሻል። ሰብሳቢው ከምረቃው በፊት ቢያንስ የፊተኛው ረድፍ እንዲጠገን ይፈልጋል። እንግዲህ ተራው የአንቺ ነው። አንድ ገጽ ተኩሏን በፍጥነት ላኪ፤ ቢቻልሽ ራስሽ መጥተሽ ሥሪው። የእናትሽን ስም በተበላሸ ሥራ ላይ ትተዪዋለሽ ብዬ አላስብም።

ስልክም ብትደውዪ አነሳለሁ።

አጎትሽ


ጥር 15 ቀን

ለክቡር አጎቴ፣

ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ ጉልበትዎንም ጨምሮ፤ ያንን ጸሎቴን አንስቻለሁ።

ደብዳቤዎ ከመድረሱ ከሁለት ቀን በፊት ሌላ ጥቅል ደርሶኝ ነበር። የላከችው ቁልፌ ናት። አድራሻዬን ያገኘችው ከፖስታዎቼ ጀርባ ነው፤ ለካ በትምህርት ክፍሉ አድራሻ የሚመጡትን ደብዳቤዎቼን የምታደርስልዎት እርሷ ኖራለች። እንዲህ ትላለች፦

«ልጄ፣ እንዴት ነሽ። ዶክተር እነዚያን የኮሚቴ ሰዎች ምን እንዳላቸው ልንገርሽ፤ በሩ ላይ ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። ‹እኔ ያዘጋጀሁት እንስሳቱን ነው፤ እነሱ አልቀለጡም። ይሄ የቀለጠው የእኅቴ ሥራ ነው። ያልተማረች ስለነበረች በጨው ሠርታው ኖሯል፤ ያን ጊዜ መቆጣጠር ነበረብኝ› አላቸው። ሰብሳቢያቸው ‹እንግዲያው የእርሷ ስም ይደረግበትና እንገላገል› አለ። እትዬን ነው እንዲህ የሚሏቸው። አንጀቴ አረረ። ከጥግ አንዲት ቅርንጫፍ ውሃው ሳይነካት ቀርታ ነበር፤ በጥጥ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። አምፖል አብሪላት።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባሕሩ ቆሞ ሳለ ስሟ አልተገኘም። ባሕሩ በቀለጠ በሁለተኛው ቀን ግን ነሐስ ተገኘ፣ ቀራጭ ተገኘ፣ ብሎን ተገኘ። በጎ ስጦታ አድርገው ጻፉልኝ፤ እኔም ቁልፌ ባትጽፍልኝ ኖሮ እቀበልዎት ነበር። አመስግኜም እጽፍልዎት ነበር። ከሁሉ ያስፈራኝ ይህ ነው።

አንድ ገጽ ተኩሏን ጽፌያታለሁ፤ የላክኋት ግን ለቁልፌ ነው። ክልክል ሲባል መከልከል የምታውቅ እርሷ ናት። ጨዋ ሰው ናትና ለፊተኛው ረድፍ ብርጭቆ ትደረድር ይሆናል፤ ሦስት ወር ይፈጅባታል፤ ለምረቃው አይደርስም። አዳራሹ ውስጥ እንዳያስነጥሱባት።

አልመጣም። ቅርንጫፏ እዚህ ሥራ ቤታችን፣ በጠረጴዛዬ ላይ፣ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ናት። ከሥሯ በስቶኪንግ የተነፋ አሸዋ አንጥፌላታለሁ። ከጎኗ ምንም እንስሳ አላስቀመጥኩም። ባልደረባዬ ጎንበስ ብላ አየቻትና «ዓሣው የታለ?» አለችኝ። «አሁን አለፈ» አልኳት፤ ዞር ብላ ፈለገችው። ከፊቷ በወረቀት ላይ፣ በእጄ፣ የእማዬን ስም ጽፌያለሁ። ነሐስ አላስፈለገም።

ስለዚህ የመጨረሻ ልመናዬ ከመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። የእናቴን ስም ከዚያ ሰሌዳ ላይ ያንሱልኝ። የድሮውን ጽሑፍ፣ የእርስዎን ስም ከነአባትዎ፣ ይመልሱበት። አሁን ሳጥኑ ውስጥ ያለው፣ ነጭ የለበሱት ዐሥራ አራት እንስሳት፣ የተኛው ኮራል፣ በአሸዋው ላይ የደረቀው ሮዝ ውሃ፣ ሁሉም በእጅዎ፣ በሥርዓቱ፣ ማስታወሻ እየያዙ የሠሩት ነው። እናቴ አንዱንም አልነካችውም። ያ ሰሌዳ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የሚናገርበት ዕድል አግኝቷል።

አራቱንም ብሎን በደንብ ያጥብቋቸው።

የእኅትዎ ልጅ